ሃምሳው እስኪሞላ

ዴንቨር፣ ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ወደሚገኘው የወልደየስ ጋራዥ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የተዘረጋ መዳፍ ነው። ወልደየስ ጀርባውን ሰጥቶ ሚዛኑ ላይ አጎንብሷል። በቀኝ እጁ ባሩድ ይሰፍራል፣ ግራውን ሳይዞር ወደ ኋላ ይዘረጋል። ትርጉሙ «ባለህበት ቁም፣ ሃምሳው ጥይት እስኪሞላ አትናገር» ማለት ነው። ሚስቱ ጌጥነሽ እንኳ ምሳ ቀርቧል ለማለት በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ስልክማ ጭራሽ አይገባም፤ ወጥ ቤት ይቀራል።

ሕጉን ለጉራ አላወጣውም። ባዶ የጥይት ቀለሃ ውስጥ ባሩድ የሚሰፍር ሰው ወሬ ካዳመጠ ይሳሳታል፤ አንዱን ቀለሃ ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ የተሞላ ጥይት ደግሞ መሣሪያውን ተኳሹ ፊት ላይ ይበትነዋል። ስለዚህ ሕጉ ትክክል ነበር። ክፋቱም እሱ ነው። የተሳሳተ ሕግ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ይጥሰው ነበር።

ወልደየስ ናዝሬት ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የመድኃኒት ቤት ድራጊስት ነበር። የሐኪሞችን የተጨማለቀ ጽሑፍ እንደ ጋዜጣ የሚያነብ፣ ሚዛኑን በቀን ሦስቴ የሚፈትሽ፣ ለእያንዳንዷ እናት ጠርሙሱን ሲያቀብል «ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጪው» ሳይል የማይለቅ ሰው። እ.ኤ.አ. በዘጠናዎቹ ዴንቨር ሲመጣ ወረቀቱን የሚቀበለው አጣና የኤርፖርት መኪና ማቆሚያ ሻትል አውቶቡስ ነጂ ሆነ። ተሳፋሪ አውርዶ ተሳፋሪ ይጭናል፤ ስሙን የሚጠይቀው የለም። ሥራው አላሳፈረውም። ግን ቢሳሳትም ባይሳሳትም ለውጥ የማያመጣ ሰው መሆኑ ውስጥ ውስጡን ይበላው ነበር።

አንድ ቀን ከሎውሪ ጦር ሰፈር ጡረታ የወጣ ሽማግሌ የሥራ ባልደረባው ቤቱ ወስዶ ጥይት እንዴት ተመልሶ እንደሚሞላ አሳየው። ሚዛኑ የሚለካው በግሬን ነበር። ፈረንጁ ሊያስረዳው ገና አፉን ሲከፍት ወልደየስ ጨረሰለት፦ የድሮ መድኃኒት ቤት መለኪያ ነው፣ አንድ አስፕሪን አምስት ግሬን ነው፣ ሰባት ሺህ ግሬን አንድ ፓውንድ ይሞላል። ሽማግሌው በመገረም እጁን ጨበጠው። በዓመቱ ወደ ልጁ ሊሄድ ሲል የጥይት መሙያ ማሽኑንም ሚዛኑንም ለወልደየስ ተወለት።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! «ሠላሳ ስምንት» የሚባለው የሽጉጥ ጥይት ሲለካ ሠላሳ ስምንት እንደማይሞላ፣ ሠርቲ-ኦት-ሲክስ የሚሉት የጠመንጃ ጥይት ስድስቱ እ.ኤ.አ. 1906 እንደሆነ፣ ሁሉን ይዘረዝራል። ክርስትና ቤት ሄዶ ይህን ሲጀምር ሰው ቀስ እያለ ወንበሩን ያርቃል። ሳይሰለች የሚሰማው አንድ ተክለሚካኤል ብቻ ነበር።

ተክለሚካኤል የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የወጥ ቤት ሠራተኛ ነው። ከሃቫና ስትሪት ጀርባ አፓርታማ ውስጥ ከሚስቱ ከሠርካዲስና ከልጃቸው ከሲና ጋር ይኖራል። ሠርካዲስን ሽማግሌ ሆኖ የለመነለት ወልደየስ ነው፤ ሁለቱም እንደ ታላቅ ወንድም ያዩታል። ተክለሚካኤል ይሉኝታ የሚገድለው፣ ውሃ ጠምቶት እንኳ ሰው እስኪያቀብለው የሚጠብቅ ዓይነት ሰው ነበር። የወልደየስን ትምህርት ግን እንደ ውዳሴ በቃሉ ያዘው። ሁለት ዓመት በየቅዳሜው አብረው ሞሉ፣ በየወሩ ሜዳ ወጥተው ኢላማ ተኮሱ።

እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ተክለሚካኤል የራሱን ማሽን ገዛ። ጋራዥ ስለሌለው ባሩዱን የት ላስቀምጠው ብሎ ጠየቀ። ወልደየስም «የልብሱ ክሎዜት ውስጥ አድርገው፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ይወዳል» አለው። ለናዝሬት እናቶች አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የደጋገማትን ያቺን ሌላዋን ነገር በዚያን ቀን አልጨመረም።

ሠርካዲስ ባሏን ዕቃውን ከቤት እንዲያወጣ ሦስት ጊዜ ለመነችው። ሦስቴም እሺ አላት፤ የት እንደሚወስደው ሲያስብ ቀኑ ያልፋል። በነሐሴ አንድ ረቡዕ ከሥራ ስትገባ የአምስት ዓመቷ ሲና ክሎዜቱ ውስጥ ተቀምጣ ፕራይመሮቹን ምንጣፍ ላይ ደርድራ አገኘቻት። ፕራይመር ከጥይቱ ቂጥ የምትገባ፣ ስትመታ እሳት የምትጭር ትንሽ የምታብረቀርቅ ቆብ ናት። ልጅቷ ዶቃ መስላት አንዷን በጥርሷ ይዛ ነበር። ሠርካዲስ ልጇን አቅፋ እህቷ ዘንድ ሄደች። እሑድ ጠዋት ሚኒያፖሊስ ወንድሟ ጋር የሚያደርሳትን ትኬትም ቆረጠች። ለባሏ የተወችለት በር አንድ ብቻ ነበር። «ያንተን እሺታ ጠግቤያለሁ። ጋሼ ወልደየስ ቅዳሜ ራሳቸው መጥተው ይውሰዱት። ሁለተኛ አይገባም ብለው ዋስ ከሆኑኝ እመለሳለሁ» አለችው። ወልደየስ ይህን ሁሉ የሰማው ካለፈ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ተክለሚካኤል ጋራዡ በር ላይ ሲቆም ወልደየስ ብቻውን አልነበረም። ሙያውን ልማር ብሎ የመጣ ጣሰው የሚባል የታክሲ ሾፌር ከጎኑ ተቀምጧል። አዲስ ተማሪ ያገኘ አስተማሪ ደግሞ እንዴት እንደሚሆን የታወቀ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት...»

መዳፉ ተዘረጋ። ተክለሚካኤል ባለበት ቆመ። ወልደየስ ሃምሳውን ቀለሃ አንድ በአንድ ሰፈረ፤ ከዚያ በባትሪ እያበራ የሁሉንም ሆድ አየ፤ ከዚያ አንዱን ተጠራጥሮ ደፍቶ እንደገና መዘነው። አርባ ደቂቃ ሄደ። ጨርሶ ሲዞር ተክለሚካኤልን «ምን ልትለኝ ነበር?» አላለውም። ወደ ጣሰው ዞሮ፣

«ይሄ የኔ ተማሪ ነው፤ የፈለግከውን ጠይቀው» አለ። «ቆይ እኔው ልጠይቀው። ተክሌ፣ ሁለት ዓይነት ፕራይመር አለ፣ ቦክሰርና በርዳን። የፈጠሯቸው ሰዎች አገራቸው የት ነው?»

ይህ የሁለቱ የተወደደ ጨዋታ ነበር። የአሜሪካዊው የበርዳን ፈጠራ አውሮፓ ሄዶ ቀረ፣ የእንግሊዛዊው የቦክሰር ደግሞ አሜሪካ መጥቶ ቀረ እየተባባሉ ስንቴ ስቀውበታል! ተክለሚካኤል የወልደየስን ፊት አየ።

«ቦክሰር አሜሪካዊ፣ በርዳን እንግሊዛዊ» አለ።

ወልደየስ ጭኑን እየመታ ሳቀ። «ምነው ተክሌ! ሚስትህ ቁርስ ከለከለችህ እንዴ?» ጣሰውም አብሮት ሳቀ።

ተክለሚካኤል ፈገግ ለማለት ሞከረ። ሰው ፊት የቤቱን ጉድ ለማውጣት አንደበቱ እምቢ አለው። «ሥራ ረፈደብኝ፣ በኋላ እደውልልዎታለሁ» አለና ወጣ። ወልደየስ ያኔ ትዝ ብሎት «ምን ልትል ነበር?» ብሎ ከኋላው ጮኸ፤ መኪናው ግን ተነሥቷል። ተክለሚካኤል ከሰዓት ሁለት ጊዜ ደወለ። ስልኩ ወጥ ቤት ነበር፤ ጌጥነሽ ሥራ ገብታለች፤ ወልደየስ ለጣሰው ሁለተኛውን ሃምሳ እያሳየ ነበር። የጠዋቱን ሃምሳ ጥይት ካርቶን ዘግቶ እንደ ልማዱ ቀኑን፣ የባሩዱን ልክና ስሙን ጽፎ ለጠፈበት። ማታ ስልኩን ሲያይ ነገ እደውልለታለሁ ብሎ ተኛ።

እሑድ ጠዋት ሻትሉ ማቆሚያው ውስጥ ሲቆም ሠርካዲስ ሲናን ይዛ፣ እህቷ ሻንጣ እየጎተተች ተሳፈሩ። ወልደየስ ደስ ብሎት ተነሥቶ ሻንጣውን ተቀበለ።

«ሠርክዬ! የት ልትሄዱ ነው በማለዳ?»

ሠርካዲስ ትክ ብላ አየችው። «ትናንት እኮ እስኪመሽ ጠበቅኩዎት፣ ጋሼ።»

«እኔን?»

እዚያው ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ቆማ ሁሉንም ነገረችው፤ ክሎዜቱን፣ ፕራይመሩን፣ ዋስ ሁኑኝ ያለችውን። «እምቢ ያሉ መስሎኝ ነበር። ማታ ተክሌን ስጠይቀው ባሩድ እየሰፈሩ ነበር፣ አልነገርኳቸውም አለኝ። የትዳሩን ነገር ለመናገር ሃምሳ ጥይት እስኪሞላ የሚቆም ሰው ጋር ምን ልሁን?»

«እኔ ነኝ ያስቆምኩት። ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬውኑ ሁሉንም አወጣልሻለሁ፤ ዋስሽ እኔ ነኝ። ተመለሺ ልጄ።»

«ትናንት ቢሆን...» አለች። ከኋላ አንድ ተሳፋሪ በረራው እንደረፈደበት እያጉረመረመ ነው። ወልደየስ መንዳት ነበረበት፤ ነዳም። እስከ ተርሚናሉ ድረስ በመስተዋቱ የሲናን ፊት እያየ፣ የሚለምንበት ቃል ሲፈልግ ደረሱ። ሻንጣውን አወረደ። ልጅቷ ባይ ባይ አለችው።

ከሰዓት ወደ ተክለሚካኤል ቤት ሄደ። ሁለት ቆርቆሮ ባሩድና የፕራይመር ሣጥኖቹ በሩ ሥር ተደርድረው ጠበቁት፤ ማሽኑም ጭምር። ተክለሚካኤል እስከ መኪናው ተሸከመለት። ወልደየስም ይቅርታ ሊል ፈልጎ «አይዞህ፣ ትመለሳለች» አለ። አልተመለሰችም። ተክለሚካኤል በዓመቱ ልጁን ተከትሎ ሚኒያፖሊስ ሄደ፤ ለየብቻ እንደሚኖሩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲናን እንደሚወስዳት ከሰው ተሰማ።

እ.ኤ.አ. በ2009 በየሱቁ ጥይት ጠፋ፤ ፕራይመር የሚባል ነገር በዓይን አይታይም። ያኔ ጣሰው መጥቶ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠችውን፣ የዚያ ቅዳሜ ቀን የተጻፈባትን ካርቶን ስጠኝ ብሎ ለመነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ጥይት አልጎደለባትም። ወልደየስ በቁጣ «አትንካት!» አለው። ጣሰው ደንግጦ ሄደ። ወልደየስ ከወጥ ቤት ስልኩን አምጥቶ ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ደወለ። ቅዳሜ ቀትር ነበር።

«ተክሌ፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው። መቼም አልጠየቅኩህም።»

«ይተዉት ጋሼ፣ አልፏል።»

«አላለፈም። የመዳፌ ነገር እንኳ ይቅር። ያን ጥያቄ ስትስት ግን እንዴት አልገባኝም? አንተ ያን አትስትም ነበር። ልብህ ምን ያህል ቢደማ ነው እላለሁ፤ እኔ ሳቅኩብህ።»

ከወዲያ ማዶ የልጅ ድምፅ «ዳዲ፣ ሁ ኢዝ ኢት?» አለ።

«አልሳትኩትም፣ ጋሼ» አለ ተክለሚካኤል።

«እንዴት?»

«አውቄ ነው ያበላሸሁት። እኔ ያንን ስስት ካዩ፣ 'ምን ሆነሃል?' ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ነበር።»