ይርገዱ «አዎ» ያለቻቸው ክሮች

ይርገዱን የሚያውቁ ሁሉ እግሯ እንደማያርፍ ያውቃሉ። እያወራች ትነሣለች፤ እየበላች ትነሣለች። እስራኤል አገር፣ ቂርያት ቫይዝማን በሚባል ሰፈር ጸሐፊ ሆና በምትሠራበት ቢሮ «የይርገዱ ወንበር አያረጅም» ይሏታል። አፏ ግን ሌላ ነው። ሰው ፊት «አይደለም» ማለት አይሆንላትም፤ ለአማቷ ለአቶ አበባው ደግሞ ጭራሽ።

አቶ አበባው ከጥበቃ ሥራ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቀኑ አልመሽ ብሏቸው ሲቆዝሙ፣ ልጃቸው ኦሪ ታብሌታቸው ላይ አንድ ጨዋታ ጫነላቸው። ተመራማሪዎች የአይጥን አንጎል ካርታ የሚሠሩበት ጨዋታ ነው። ከስስ የአንጎል ቁራጭ የተነሣ ግራጫ ፎቶ ይመጣል፤ መሐሉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የነርቭ ክር አለ። ተጫዋቹ ክሩ ይቀጥል ወይስ ይቋረጥ እንደሆነ ይመልሳል። ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ ከተስማሙ መልሳቸው ካርታው ላይ ይገባል፤ ካልተስማሙ ፎቶው ወደ ሦስተኛ ሰው ይሄዳል። ኦሪ ሚስቱን ይርገዱን የአባቱ አጋር አድርጎ መዘገባት። «ሳይመካከሩ» የሚለውን ግን አቶ አበባው ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

«ይርገዱ፣ ይሄ ተቋርጧል፣ አይደል?» ይላሉ ከሶፋው ላይ።

ይርገዱ ያንኑ ፎቶ ስልኳ ላይ ታያለች። ክሩ ጥላ ሥር ይገባና በወዲያ በኩል ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

«አዎ አባባ፣ ተቋርጧል።»

«አላልኩም!»

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። አቶ አበባው «ታማኝ ተመልካች» የሚል ማዕረግ አገኙ። ለምኩራብ ወዳጆቻቸው እያሳዩ «ሳይንሱን የያዝነው እኛ ነን እኮ» አሉ።

ማክሰኞ ዕለት ከጨዋታው መልእክት መጣ። የዚህ ዙር ካርታ ሐሙስ ይዘጋል፤ ከዚያም የመርሳት በሽታን ለሚያጠኑ ሰዎች ይላካል፤ መልሱን ማስተካከል የሚፈልግ እስከዚያው ያስተካክል ይላል።

ይርገዱ ወንበሩ እሾህ ሆነባት። መልሷን ብትቀይር ጨዋታው ለአማቷ «አጋርዎ አልተስማማችም» ብሎ ይነግራቸዋል፤ ማዕረጋቸውም ይወርዳል። ባትቀይር ያልተቋረጠው ተቋርጧል ተብሎ ሊቀር ነው፤ ያውም በእሷ እጅ።

ምሳ ላይ ለባልደረባዋ ለሜይታል ነገረቻት።

«የአይጧን ነርቭ ሁሉ ከምትበጥሺባት ሽማግሌው ቢቆጡሽ አይሻልም?» ሜይታል ሳቀች።

«አባባ ዝም ካሉኝስ? ከቁጣቸው ዝምታቸው ይብሳል።»

«ያላ፣ በይ ቶሎ ቀይሪው! አይጧን እዘኝላት።»

ከአውቶቡስ ሁለት ፌርማታ ቀድማ ሄርዝል ጎዳና ላይ ወረደች። ባንኩ ደጃፍ ላይ ስልኳን አወጣች፣ መልሳ ከተተች፤ ፋርማሲው ጋ እንደገና አወጣች። ያንን ጥላ ሥር የሚያልፍ ክር ፈልጋ አገኘችው። «ይቀጥላል» የሚለውን ነካችና ጣቷ የተቃጠለ ይመስል ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችው።

ቤት ስትገባ አቶ አበባው ታብሌቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቋት።

«አልተስማማሁም ብለሻል አሉ።»

«ይቅርታ አባባ...»

«ክሩ ይቀጥላል?»

«ይቀጥላል።»

«ያን ጊዜም ይታይሽ ነበር?»

ይርገዱ መሬት መሬት እያየች «አዎ» አለች።

«ታዲያ ስጠይቅሽ ምን ነክቶሽ ነው የምትስማሚው?»

«እርስዎ ተቋርጧል ሲሉ እኔ እንዴት ብዬ...»

«ቢታየኝ ኖሮ እጠይቅሽ ነበር?» ድምፃቸው ከፍ ካለ በኋላ ወደ በሩ ዞር ብለው ዝቅ አደረጉት። «ዓይኔን ሞራ ከጋረደው ቆየ። ለኦሪ እንዳትነግሪ። እኔ በግምት እናገራለሁ፤ አንቺ አዎ ስትዪ እውነት ይመስለኛል። ያንቺን ዓይን አምኜ ነው እኮ የምጫነው!»

ይርገዱ መቀመጥም መቆምም አቃታት። ስንቱን ክር ነው ሁለቱ ተከባብረው የበጠሱት?

«ምን ትገተሪያለሽ? ሁሉንም መልሰሽ እዪ። ማዕረጉ ገደል ይግባ። ነገ ደግሞ ለዓይን ሐኪም ቀጠሮ ያዢልኝ፤ ቤሰደር? እሺ?»

ወጥ ቤት ገብታ ወዲያ ወዲህ እያለች የድሮዎቹን ፎቶዎች አንድ በአንድ ከፈተች። አንዳንዱን ወዲያው ለየችው። አንዳንዱ ላይ ግን የሚታያት የራሷ ይሁን ከአማቷ አፍ የሰማችው መለየት አቃታት፤ ዓይኗን አሸት አድርጋ ደግማ አየች።

«ምን አልሽ? ይሄኛውስ ተቋርጧል?» አሉ አቶ አበባው ከሳሎን።

ጣቷ ስልኩ ላይ ቆመ።

«አልነግርዎትም፣ አባባ። ሳንመካከር ነው የተባለው።»

ሳሎኑ ጸጥ አለ። ይርገዱ እስከ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች። ጸጥታው ቁጣ ይሁን ሌላ ሳታውቅ ቀጣዩን ፎቶ ከፈተች።