ጽዋውን ያነሣው የትምህርት ሹም

ፊደል ማንም አላስተማረኝም። የቆሎ ተማሪዎች ሲያነበንቡ ከአጥር ውጭ ሆኜ ሰማሁ፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እየፈታሁ ለየሁ፤ አለቀ። በደርግ ጊዜ በዳባትና በደባርቅ መካከል ላለው ትምህርት ቤታችን የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆንሁት ለዚህ ነው። ከኔ የተሻለ ሰው አልነበረም፤ ዛሬም ይኖራል ብዬ አላምንም።

ትምህርት ቤቱ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም። አምስተኛ የደረሰ ወንድ ደባርቅ ሄዶ ቤት ይከራያል፤ ሴት ግን ትዳራለች። የኔ ልጅ ያን ዓመት አራተኛን በአንደኝነት እየጨረሰች ነበር፤ በማን ትወጣ! እናቷ «ለልጅቱ ጠያቂ ልከዋል» ስትለኝ እንቅልፍ አጣሁ።

አምስተኛ እንዲከፈትልን አመለከትንና «ክፍሉን ከነጣራው ሥሩ፤ አስተማሪ እንልካለን» ተባልን። ግድግዳው በደቦ ቆመ። ቆርቆሮ ግን በደቦ አይገኝም። መዋጮ እንዳንል ሰው ለእናት አገር፣ ለዘመቻ ሲያዋጣ ከርሞ የኮሚቴ ሰው ሲያይ በጓሮ ይወጣል። ያው ሰው ግን የማኅበር ተራው ሲደርስ ዘሩን ሽጦም ቢሆን ይደግሳል። ጽዋ አንሥቶ የሚያስቀር የለም። መላው የመጣልኝ ይህን ሳስብ ነው።

የሚካኤል ማኅበራችን በዚያው ጅምር ክፍል እንዲሆን፣ ጽዋ ያነሣም በድግሱ ፈንታ ቆርቆሮ እንዲያመጣ ቄሱን ጠየቅሁ።

«ዝክሩ ሊቀር ነው?» አሉኝ።

«አባ፣ እኛ ስንጠጣ ኖረናል። ዘንድሮ ልጆቹ ይዘከሩበት።»

ጢማቸውን ዳሰሱና «እንግዲህ ይሁን» አሉ።

እስከ ግንቦት ግማሹ ተሸፈነ። የቀሩት ባለተራዎች ግን ምንም የሌላቸው ነበሩ። በዚያው በግንቦት ሚካኤል አንድ ወጣት የትምህርት ሹም ክፍሉን ሊያይ መጣ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ይሄ ክፍል አይባልም» አለኝ።

«ታዲያ ቆርቆሮ ስጡን።»

«በጀቱ ሁሉ ወደ ጦር ግንባር ነው። ከየት ላምጣ?»

አልዋሸም። የራሱ ኮት እንኳ ክርኑ ላይ ተጥፎ ነበር።

ጸሎቱ አልቆ ቄሱ ጽዋውን ለቀጣዩ ባለተራ ሲዘረጉ ሁሉም መሬት መሬት አየ። እኔ ከእጃቸው ተቀበልሁና «ጓድ፣ ከመንገድ ነው የመጡት፤ ይቅመሱልን» ብዬ ለሹሙ ሰጠሁት። ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠጣ። ሴቶቹ እልል አሉ።

«ምንድን ነው?» አለ ደንግጦ።

«ጽዋ አነሡ እኮ!» አሉት አንዲት ባልቴት። «ቀጣዩ ተራ የርስዎ ነው። ሚካኤል ያስችልዎ!»

«እኔ የመንግሥት ሰው ነኝ!»

«ሚካኤልም የመንግሥተ ሰማያት ሰው ነው» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ቄሱ ግን «በጽዋ ይቀለዳል?» ብለው ገሠጹኝ። እኔ አልቀለድሁም። ሹሙ ሳይሰናበት ሄደ፤ ሚስቴም «ልጅ አስተምራለሁ ብለህ ራስህን አሳሰርህ» አለችኝ። ያን ወር የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር በጓሮ እወጣ ነበር። ፈሪ ግን አይደለሁም።

በሰኔ ሚካኤል የጭነት መኪና ቆመ። ሹሙ ከአንድ የፈረሰ መጋዘን በተነቀለ አሮጌ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጦ መጣ።

«ምን ላድርግ?» አለኝ እየወረደ። «ለእናቴ ነገርኋት። ጽዋ አንሥተህ ካላደረስህ ቤቴ አትግባ አለችኝ።»

ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። በትእዛዝ የሚጠየቀውን ሁላችንም እንሸሸው ነበር፤ አዛዡ ራሱ ሳይቀር። በእጁ የተቀበለውን ግን ማን ይሸሻል? ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ የለም፤ ራሴ ደረስሁበት።

በመስከረም አምስተኛ ክፍል ተከፈተ። ዝናብ በአሮጌው የምስማር ቀዳዳ ሲገባ ልጆቹ ጥግ ጥግ ይዘው ይጽፉ ነበር። ልጄ ከመካከላቸው ነበረች። ጠያቂዎቹን እኔው ራሴ መለስኋቸው።