የእማማ የሺ ድንጋይ

የዚያን ዕለት ጠዋት መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ከእኔ በላይ ባለሥልጣን ያለ አይመስለኝም ነበር። የህብረት ሱቁ ተቆጣጣሪ ነኝ፤ አንገቴ ላይ ፊሽካ፣ ኪሴ ውስጥ የሱቁ ቁልፍ... በዚያ ላይ አቡጀዲ መጥቷል!

በደርግ ጊዜ አቡጀዲ መጣ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ቀኑ ማርያም ስለነበረ ሰዉ ሱቁ ደጃፍ ላይ ድንጋዩን በተራ አስቀምጦ ወደ ቅዳሴ ሄደ። ያኔ ወረፋ የሚይዘው ድንጋይ ነው፤ የሰው ድንጋይ ደግሞ ማንም አይነካም። ጠባቂው እኔ ነኝ።

የመጣው አንድ ጣቃ ብቻ ነው፤ ለአስር ሰው ቢበቃ ነው። ሚስቴ ደግሞ «ተቆጣጣሪ አግብቼ አልጋዬ ራቁቱን ይሁን?» እያለች ሳምንቱን ሙሉ ጨቅጭቃኛለች። ግራ ቀኝ አየሁ... ሰው የለም። አስረኛዋን ድንጋይ አንስቼ ከሁሉም መጨረሻ ወሰድኳትና በቦታዋ የራሴን አስቀመጥኩ። ሌባ ማለት እኔ!

ሰዉ ከቅዳሴ ሲመለስ እማማ የሺ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት፣ ድንጋዮቹን እያዩ ሄደው ሄደው መጨረሻው ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይቺ ቀይዋ የኔ ናት። እዚህ ምን አመጣት?»

«እዚሁ አይደል እንዴ ያስቀመጧት!»

«ኧረ አይደለም! ዘጠኝ ቆጥሬ አስረኛ ላይ ነው ያስቀመጥኋት።»

«እማማ፣ ድንጋይ እግር የለው! ረስተው ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው። ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

እሳቸው ግን አልሳቁም። ድንጋይዋን አዩ፣ እኔን አዩ... ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እርጅና ነው መቼስ... ይቅር በለኝ ልጄ፣ ባልሠራኸው ወቀስሁህ» አሉኝ። ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው! ምነው ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

አቡጀዲው ለእኔ ደርሶ አለቀ። እሳቸው ለመግነዛቸው ፈልገውት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። በሚሞቱበት ዕለት ጎረቤት እንዳይቸገር የልብስ ሳጥናቸው ውስጥ አጥፈው ሊያስቀምጡት።

ሁለት ሳምንት እህል አልወርድ አለኝ። በመጨረሻ ከሚስቴ ጋር ተጣልቼ፣ ገና ያልተሰፋውን አቡጀዲ ይዤ ሄድኩ። ቤታቸው ዝግ ነው። ጎረቤታቸው ቤት ደጃፍ ላይ ከጎረቤትየዋ ጋር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ምነው እማማ፣ ቤቱን ዘጉት?»

«ቁልፉን ለእሷ ሰጠኋት ልጄ። የገዛ ድንጋዬን ያስቀመጥሁበትን ከረሳሁ፣ አንድ ቀን እሳቱን ረስቼ ቤቱን ከነራሴ አቃጥለዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ገበያም ብቻዬን አልወርድም።»

የሰፈሩን ልጅ ሁሉ የክርስትና ስም በቃላቸው የሚያውቁ ሴት እኮ ናቸው!

«ድንጋይዎን ያነሳሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ... ግን ጎረቤትየዋ ታየኛለች፣ ነገ ቀበሌው ይሰማል፣ ሥራዬም ይቀራል። ፈሪ ነኝ፣ አልወጣልኝም። «ትርፍ ተገኝቶ ነው» ብዬ ሌላ ውሸት ጨመርኩና አቡጀዲውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩ።

እማማ የሺ ተነስተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉና መረቁኝ። «እንደኔ አያድርግህ ልጄ፤ በእርጅናህ አእምሮህን አይንሳህ» አሉኝ።

አሁን እኔም አርጅቻለሁ... ለዚያች ምርቃት ግን እስከ ዛሬ «አሜን» ማለት አልቻልኩም።