የገረዲቱ ዘፈን በአባቴ አፍ

ባለፈው ጋሸና ከአውቶቡስ ለምሳ ወርደን፣ አጠገቤ የተቀመጠ ተሳፋሪ ስልኩን ሲነካካ የአንዲት ፈረንጅ ዘፋኝ ድምፅ ከምግብ ቤቱ ጫጫታ በላይ ወጣ። ሽቅብ ሄዶ ሄዶ እዚያው ላይ ተንቀጠቀጠ። ሽሮዬን ትቼ ተነሣሁ። ሰው ታመመች ብሎኝ ይሆናል፤ እኔ ግን አባቴ ትዝ ብለውኝ ነው።

አባቴ ላሊበላ የታወቁ መሪጌታ፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መምህር ነበሩ። እኔ ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ እሠራለሁ፣ እንግሊዝኛዬም ከእንግዳ የለቀምኩት ነው። በሐምሌ ዝናብ አንዲት ፖርቱጋላዊት መጣች፤ ያገሯን የድሮ የኦፔራ ደራሲ ሕይወት የምታጠና። ዜማ በምልክት የሚጽፍ ሰው አሳዪኝ ብትለኝ ጧፍና እርጥብ ጋቢ ወደሚሸተው ቤታችን ወሰድኳት።

አባቴ ይዛ የመጣችውን የዜማ ወረቀት በመስኮቱ ብርሃን ዘርግተው አዩና «ኧረ እነሱም ከፊደሉ በላይ ምልክት ይጥላሉ!» አሉ። ደስታቸው የልጅ ነበር። ስለ ደራሲው ነገረችን፤ እኔ አስተረጎምኩ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዜማ ተምሮ አደገ፤ ጣሊያን ሄዶ በኦፔራ ስሙ ገነነ። ያገሩ ንጉሥ ጦርነት ሸሽቶ ብራዚል ሲገባ እሱም ባሕር አቋርጦ ተከተለ። ንጉሡ ሲመለስ እሱ ታሞ ቀረ፣ እዚያው ሞተ። ድርሰቱ አብዛኛው ዛሬ በሣጥን ተኝቷል።

«ወይ መከራ! ተጽፎ ሳይዜም?» አሉ አባቴ። «በያት፣ ታሰማኝ።»

እያፈረች ዘፈነች። ሲያበቃ «ለየትኛው በዓል ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለእሳቸው በዓል የሌለው ዜማ የለም። ሽማግሌ ጌታዋ ላግባሽ ስላላት የምትስቅ ገረድ ዘፈን መሆኑን ሴትየዋ ሹክ ብላኛለች። ይህን ለመሪጌታ ምን ብዬ ልንገር?

«ለእመቤታችን ነው» አልኩ።

ሦስት ጊዜ አስደገሟት፤ በአራተኛው ራሳቸው ያዙት። ሴትየዋ ሄደች፣ ዜማው እኛ ቤት ቀረ። እንጨት ሲፈልጡ ያንጎራጉሩታል፣ ጋቢ ሲያጥፉ ያንጎራጉሩታል። የተረሳው ሰውዬ እኛ ጋ ማረፊያ አገኘ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ? በፍልሰታ ጾም አሸተን ማርያምን ልንሳለም ስንወጣ፣ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ለመውሰድ ቆሙና በዚያች ገረድ ዜማ የእመቤታችንን ውዳሴ አስገብተው አዜሙልህ! ከቅጠሉ ሁሉ ዝናብ ይንጠባጠባል። ድምፃቸው እንዲያ አምሮ ሰምቼው አላውቅም። ክንዳቸውን ያዝኩ።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ዋሽቻለሁ። የገረድ ዘፈን ነው።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ልላቸው የምፈራውን ሁሉ እሳቸው አሉልኝ። «ዘፈን ነው ብላቸው አይሰሙም ብለሽ ነዋ?»

«አዎ።»

«አልሰማም ነበር» አሉ፤ በቁጣ አይደለም። ከዚያ እጃቸውን ሰጡኝና ደግፌ አነሣኋቸው። የቀረውን ዳገት ወጣን።

ከዚያ ቀን ወዲህ አላዜሙትም። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ብቻ፣ ልጄን ታቅፈው ሲያስተኙ በቀስታ ጀምረውት ደረስኩ። ስገባ አዩኝና እንደ ጥፋተኛ ዝም አሉ። ይቀጥሉ ልላቸው ፈልጌ አፈርኩ።

አሁን አባቴ የሉም፤ ዜማውን ደግሞ እኔ አልያዝኩትም። ምነው ያን ቀን ሳልገባ ደጅ ላይ ትንሽ በቆየሁ።