ናሆም አሜን አላለም

ሲያለቅስ የዋለ ልጃችሁ ድንገት ዝም ሲልላችሁ፣ ትከሻችሁ ቀለል ብሏችሁ «ተመስገን» ያላችሁበት ቀን አለ? አለ አይደል? እጃችሁን አታውጡ፤ ክፍል ውስጥ አይደለንም። አስተማሪ ስለሆንኩ መጠየቅ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ወገኖቼ፣ ዛሬ እዚህ የቆምኩት ጌታ ለቤቴ ያደረገውን ልመሰክር ነው፤ እግረ መንገዴንም ላርም። ላርም ያልኩት ወድጄ አይደለም። ባለፈው ፉሪ አንድ ሠርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው፣ «ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ሕፃን በጸሎት መሃል ራሱ አሜን እያለ፣ ያለ ምንም መድኃኒት ዳነ» ብሎ አጫወተኝ። «የልጁ አባት እኔ ነኝ። ያለ መድኃኒት አልዳነም፤ አሜንም አላለም» አልኩት። ሰውየው ትንሽ አየኝና፣ «አይ፣ ያንተ ሌላ ልጅ ነው» አለኝ። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል?

ስለዚህ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ አሜን ለማለት አትቸኩሉ። የሚባልበት ቦታ ሲደርስ እኔው እነግራችኋለሁ።

ያደግሁት በኦርቶዶክስ ቤት ነው። ሕይወትን ካገባሁ በኋላ እሑድ እሑድ እስከዚህ በር ድረስ እሸኛት ነበር፤ ወደ ውስጥ ግን አልገባም። ብዙዎቻችሁ ልትጋብዙኝ ሞክራችኋል። ምክንያቴን አልነገርኳችሁም እንጂ ቀላል ነበር፤ ዓይን መጨፈናችሁ አይገባኝም። ለአራተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ «ወደ ሰሌዳው ተመልከቱ» ስል ነው የምውለው። ጥያቄ የከበደው ተማሪ ዓይኑን ቢጨፍን መልሱ አይመጣለትም። ችግር ሲመጣ ዓይን ይከፈታል እንጂ እንዴት ይጨፈናል? ሙግቴ ይሄ ነበር። አምላክ የለም ብዬ አላውቅም። ግን ከእሱ ጋር ለመነጋገር ፊቴ ያለውን ነገር አለማየት ካለብኝ፣ ይቅርብኝ እል ነበር።

ናሆም ያኔ ገና ዓመት አልሞላውም። ሳል ጀመረው፤ ከዚያ አተኮሰው። የሕይወት እናት እትዬ አበራሽ፣ «ጥርስ እያወጣ ነው» አሉ። እትዬ አበራሽ እነሆ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ ይህን እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ የፈቀዱት ግን እያጉረመረሙ ነው። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ደግሞ፣ «ብርድ ነው፣ ሸፍኑት» አለች። ተሸፈነ። ቱታ፣ ሹራብ፣ ብርድ ልብስ፣ ከሁሉ በላይ የእትዬ አበራሽ ጋቢ። ከልጁ የሚታየው ፊቱ ብቻ ነበር። «ያተኮሰውን ልጅ ለምን እናሞቀዋለን?» ብዬ ስጠይቅ፣ «አንተ ደግሞ ቤቱን ሁሉ ትምህርት ቤት አደረግከው» ተባልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት የጸሎት ኅብረቱ ተራ እኛ ቤት ነበር። ናሆም ከጠዋት ጀምሮ ሲያለቅስ ውሏል፤ ጡት ይይዝና ይተዋል። እኔ መኝታ ቤት ገብቼ ፈተና አርማለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ወረቀቱን ይዤ እበሳጫለሁ። ሳሎን ውስጥ ክብ ሠርተው ቆሙ፤ ሕይወት ልጁን ታቅፋ መሃል ተቀመጠች፤ ዓይን ተጨፈነ፤ ጸሎቱ ሞቀ። እትዬ አበራሽ፣ «ጌታ ሆይ፣ ሰላምህን ስጠው፣ ጸጥ አድርገው» እያሉ ይማልዳሉ። ልቅሶው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ።

እትዬ አበራሽ ዓይናቸውን ሲገልጡ ናሆም ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች ያደርጋል። በዝግታ፣ ሳያቋርጥ፣ ነቅነቅ፣ ነቅነቅ።

«እዩት» አሉ ወደ ኅብረቱ ዞረው። «እዩት፣ እሱም አሜን እያለ ነው።»

ቤቱ በምስጋና ተሞላ። እናንተም አሁን ልትሉ ነው፤ አውቃችኋለሁ። ቆዩ። እዚህ ጋ አሜን አይባልም።

በር ላይ ቆሜ አየሁት። ሕክምና አላውቅም፤ ልጅ ሲያይና ሳያይ ግን እለያለሁ። ከኅብረቱ ወንድሞች አንዱ ሊያስቀው ጣቱን ፊቱ ላይ ሲያወዛውዝ ናሆም አልተከተለውም። ዓይኑ ግማሽ ክፍት ነው፤ የሚያየው ግን የለም።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኩ።

«አሁን? ተኝቶልን?» አሉ እትዬ አበራሽ።

«አልተኛም እትዬ፤ ዓይኑ ክፍት ነው።»

«ዕረፍት አግኝቶ ነዋ። ቀስቅሰኸው ደግሞ ሲያለቅስ ይመሽ?»

«ያልቅስ።»

«ቲቸር፣ ጌታ የሰጠውን ሰላም አንተ ልትቀማው ነው?»

መልስ ነበረኝ፤ ረጅም መልስ። ሕይወት ግን እናቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ናሆምን አየችና ምንም ሳትናገር ጫማዋን አደረገች። ለዚያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ወደ ላፍቶ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝን። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል። አጠገባችን የተቀመጡ እናት ናሆምን አይተው፣ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፤ ድምፁ እንኳ አይሰማ። የኔ ቢሆን መኪናውን ባንቀጠቀጠው ነበር» አሉ። ጨዋ! ወገኖች፣ የማያለቅስ ልጅ ሁሉ ጨዋ ነው ያለን ማን ነው? ክፍሌ ውስጥም እንደዚሁ ነው፤ ጥግ ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ልጅ ጨዋ ይባላል፤ ራብ ይሁን ሕመም የሚጠይቀው የለም። ይቅርታ፣ ወደ ነገሬ ልመለስ። እትዬ አበራሽ «አጠር አድርገው» እያሉኝ ነው።

ድንገተኛ ክፍሉ ሰው በሰው ነበር። እኔ ሰልፍ አከብራለሁ፤ መጨረሻው ላይ ቆምኩ። ፊት ለፊታችን ከደረጃ ወድቆ ግንባሩን የተፈነከተ የአምስት ዓመት ያህል ልጅ አለ። ጩኸቱ ለጉድ ነው። ሁሉም ሰው ወደ እሱ ያያል። በዚህ መሃል አንዲት ነርስ ከውስጥ ወጥታ ከሰልፉ ጎን ለጎን መሄድ ጀመረች። ስሟን ሲስተር ሰብለ እንበላት። ማንንም አልነካችም፤ የየልጁን ፊት ብቻ እያየች ትሄዳለች። የሚጮኸው ልጅ ጋ ቆም አለች፣ ግንባሩን አየች፣ ለአባቱ ንጹሕ ጨርቅ ሰጥታ «እንዲህ ጫን አድርገው ይያዙለት» አለችና አለፈችው። እኛ ጋ ስትደርስ ግን እርምጃዋ ተቀየረ።

«እናቱ፣ ጋቢውን ግለጭልኝ።»

ሕይወት ገለጠች። ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ሹራብ። ደረቱ ሲታይ ያየሁትን አልረሳውም። አየር ባስገባ ቁጥር ከጎድን አጥንቱ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ አፍንጫው ይነፋል። ሁለት ቀን ሙሉ ጋቢው ሥር ይህ ሲሆን ነበር።

«አንገቱን እንዲህ ማድረግ የጀመረው መቼ ነው?»

«ከሰዓት፣ ጸሎት ላይ» አለች ሕይወት። «አሜን እያለ ነው።»

ሲስተር ሰብለ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም።

«እህቴ፣ ይሄ አሜን አይደለም። ደረቱ ስለደከመ በአንገቱ እየተነፈሰ ነው። ተከተይኝ፤ ከእጅሽ አታውርጂው።»

የተፈነከተው ልጅ አባት ነገሩ አልጣመውም። «ሲስተር፣ የኔ ልጅ ደም እየፈሰሰው ነው፤ ይሄ እኮ ተኝቷል። እኛ ቀድመን ነው የመጣን» አላት።

«ልጅዎ ለመጮህ የሚበቃ አየር አለው» አለችው እየሄደች። «ይሄ የለውም።»

አባትየው ናሆምን አየው፤ ከዚያ ልጁን ብድግ አድርጎ መንገድ ለቀቀልን።

ቀጥሎ የሆነውን እንደ አስተማሪ ተከታትያለሁ። አላስተኛችውም፤ እናቱ ጭን ላይ ቀና ብሎ እንዲቀመጥ አደረገችው። «ከሷ ከነጠቅነው ይደነግጣል፤ ያለችውን አየር በልቅሶ ይጨርሳታል» አለች። ሰዓቷን እያየች አተነፋፈሱን ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። እግሩ ጣት ላይ ኦክስጅን የሚለካ ትንሽ መቆንጠጫ አደረገች፤ ኦክስጅኑን በቀጭን ቱቦ አፍንጫው ውስጥ አስገባች። ደረቱን በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችና የቆዳው ቀለም እስኪመለስ ጠበቀች። በመሃል ትጠይቃለች፤ ጡት የጠባው መቼ ነው፣ ሽንት የሸናውስ? አንድ ጊዜም ዓይኗን ከልጁ አልነቀለችም። ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። የምትቆጥር መስሎኝ ጠጋ ብዬ ሰማኋት። «ኢየሱስ፣ እርዳው። ኢየሱስ፣ እርዳኝ» ትላለች።

ዶክተሩ መጥቶ አዳመጠው። «ከባድ የሳንባ ምች ነው። በጊዜ አመጣችሁት አልላችሁም፤ ግን አመጣችሁት» አለን። መድኃኒቱ በደም ሥሩ ተጀመረ።

እትዬ አበራሽ ከሁለት የኅብረቱ ወንድሞች ጋር ደረሱ። ቱቦውን ሲያዩ የናሆምን እግር ያዙ። ወንድሞች እጃቸውን ዘርግተው፣ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሊጀምሩ ሲሉ ሲስተር ሰብለ ቀና አለች።

«ጸልዩ። እኔም እጸልያለሁ። ግን እባካችሁ ዓይናችሁን ከፍታችሁ ጸልዩ፤ እሱን እያያችሁ። ከንፈሩ ቢጠቁር ወይም ትንፋሹ ቢቆራረጥ ንገሩኝ፤ እኔ ሌላም ልጅ አለብኝ።»

ብስጭቴን ሁሉ ተሸክሜ ቆሜ ነበር፤ ጋቢው፣ ጥርሱ፣ «ጨዋ ልጅ»ው። ይህን ስሰማ ግን የምሟገትበት ነገር አለቀብኝ። ለዓመታት በሩ ላይ ያቆመኝን ነገር ይህች ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር አነሣችው። እያየሁ መጸለይ ይቻላል ማለት ነው?

እትዬ አበራሽ ዓይናቸውን ከፍተው ጀመሩ። ያ ረጅም ጸሎታቸው ጠፋባቸው። የናሆምን ደረት እያዩ፣ «ገባ… ወጣ… ጌታዬ፣ ገባ…» ብቻ ሆነ። እኔም አየሁ። ደረቱ ሲነሣ «ይሄንንም» አልኩ። ደግሞ ሲነሣ «ይሄንንም»። የሚቀጥለው ትንፋሽ ከእኔ እጅ እንዳልሆነ፣ ከነርሷም እጅ እንዳልሆነ፣ በዓይኔ እያየሁ ነው የገባኝ። ማንን እንደምለምን ሳላውቅ አልነበረም። «ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ይሄንንም።» በራሴ ቃል የጸለይኩት የመጀመሪያው ጸሎቴ እሱ ነው፤ ያመንኩትም እዚያው፣ ዓይኔን ከፍቼ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ራሱን መነቅነቁ ቀነሰ፤ ከሰዓት ላይ ቆመ። አያችሁ፣ ሠርጉ ላይ ላገኘሁት ሰው ላስረዳው ያቃተኝ ይሄን ነው። ልጄ የዳነው አሜን ሲል አይደለም፤ ያ የእናንተ አሜን ሲቆም ነው። ከዚያ ሲስተር ሰብለ የመርፌውን ፕላስተር ልትቀይር ስትነካው ናሆም አለቀሰ። ክፍሉ እስኪናጋ ነው ያለቀሰው። «ይኸው» አለች እየሳቀች፣ «የጸሎታችሁ መልስ መጣ።» እትዬ አበራሽ «ጌታ ሆይ፣ ጸጥ አድርገው» ብለው የለመኑት ልጅ ሲጮህ እያዩ ጌታን አመሰገኑ።

በሚቀጥለው እሑድ ሕይወትን በሩ ላይ አልሸኘኋትም፤ አብሬያት ገባሁ። ጌታ ይመስገን። ነርሷን የሰጠን እሱ ነው፣ ኦክስጅኑን የሰጠን እሱ ነው፣ ያየንበትንም ዓይን የሰጠን እሱ ነው። መድኃኒቱን ከምስክርነቱ አውጥታችሁ ስታወሩ ግን ከሰጠን ስጦታ ቆርጣችሁ እያስቀራችሁ ነው፤ እባካችሁ ተዉት። ከኋላ ወንበር ሲጮህ የምትሰሙትም ናሆም ነው። ማንም ዝም እንዳያሰኘው።

አሁን የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ልጃችሁ ደህና ሳለ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ ሲተነፍስ እዩት። ደህና ደረት እንዴት እንደሚነሣ፣ እንዴት እንደሚወርድ ተማሩት፤ በሕመም ቀን ልዩነቱን የምታውቁት ያኔ ነው። ደረቱ ሲሰረጉድ፣ ጡት ሲተው፣ ከልቅሶ በኋላ ደክሞ ዝም ሲል ካያችሁ፣ ተመስገን ከማለታችሁ በፊት ተነሡና ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ መንገድ ላይም መጸለይ ይቻላል። ዛሬ ግን እያያችሁት፣ ለእያንዳንዱ ትንፋሽ አመስግኑ። ለጌታ አደራ ስጡት፤ ዓይናችሁን ግን አትጨፍኑ። አንድ ጊዜ ሞክሩት።

አሁን አሜን በሉ።