ባልሽ የሚኖረው የት ነው?

ምኞት ወልደ ሥላሴ ልጅ ሳለች፣ ርብ ወንዝ የት ገብቶ እንደሚያልቅ ለማየት ብላ ከቤት ጠፍታ ነበር። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ጣራ ገዳም ዜማ ተምረው፣ ኋላ ወደ ፎገራ ሜዳ ወርደው በወንዙ ዳር ባለች አንዲት ደብር የሚያገለግሉ ሰው ናቸው። ልጅቱን ውኃ ቅጂ ብለው ሲልኳት ጀሪካኗን ከቁጥቋጦ ሥር ሸጉጣ ወንዙን ተከትላ ወረደች። አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ዓሣ አጥማጆች አገኟትና መልሰው አመጧት። መሪጌታ አለንጋ ይዘው ደጅ ቆመው ነበር። እሷ ገና ከአጥሩ ሳትገባ፣

«አባባ፣ ርብ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ድፍርስ ነው። ሐይቁ ግን ከወዲያ ጥርት ያለ ነው። ጭቃው የት ይቀራል?» አለቻቸው።

መሪጌታ ትንሽ አሰቡ። «ነገ አስቤ እነግርሻለሁ፤ አሁን ግቢና እራትሽን ብይ» ብለው አለንጋውን ሰቀሉት።

እንዲህ ያለች ልጅ አድጋ የጂኦግራፊ መምህር ብትሆን ማንም አልገረመውም። ወረታ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደበች። ተማሪዎቿ የሚወዷት ካርታ ላይ ብቻ ስለማታስተምራቸው ነው። ሽንኩርት ማሳ ታወርዳቸዋለች፣ መገንጠያው ላይ ቆመው የጎንደርንና የደብረ ታቦርን መኪና እንዲለዩ ታደርጋለች፣ ጭነቱ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ሾፌሮችን እንዲጠይቁ ትልካቸዋለች። አንድ ቀን ደግሞ ሩዝ ሲፈለፈል ይዩ ብላ በደብረ ታቦር መንገድ ወዳለ አዲስ ወፍጮ ቤት ወሰደቻቸው። የወፍጮው ባለቤት ተገኘ ይባላል።

ተገኘ የወረታ ልጅ ነው። በጎረምሳነቱ በመተማ ወጥቶ ሱዳን ገባ፣ መጠለያ ጣቢያ ብዙ ከርሞ አሜሪካ ደረሰ፣ ከሰሜኑ ብርዳም ከተሞች በአንዱ የከባድ መኪና ሾፌር ሆነ፣ ዜግነትም አገኘ። እናቱ እማሆይ ደብረወርቅ መታመማቸውን ሲሰማ ነው ሁሉን ትቶ የመጣው። ያን ሰሞን የወረታ ሰው «ጠፍቶ የነበረው ተገኘ ተገኘ!» እያለ በስሙ ይቀልድበት ነበር። እሱም ይስቃል። ከሚጠይቁት ሁሉ የሚሰማው ጥያቄ ግን አንድ ነበር፤ እዚያ ስንት ይከፍላሉ?

ምኞት ተማሪዎቿ ወፍጮውን ከበው ሲያዩ ጠጋ አለችውና ሌላ ነገር ጠየቀችው።

«በረዶ ሲወርድ ድምፅ አለው?»

ዞር ብሎ አያት። «የእዚያው ነው? የለውም። እንደኛው በረዶ ቆርቆሮ አይደበድብም። ጠዋት በር ስትከፍች ነው ሁሉ ነጭ ሆኖ የምታገኝው።»

«ታዲያ አያስፈራም?»

«መጀመሪያ ያስፈራል» አለ። «ኋላ ዝምታው ይለመዳል።»

ከዚያ በኋላ ምኞት እየጠየቀች፣ ተገኘ እየመለሰ ተላመዱ። ሽማግሌ ተላከ። መሪጌታ አንዲት ነገር ብቻ ነበረቻቸው። «ልጄን ይዘህ ልትሄድ ነው፣ ወይስ ልትቀመጥ?» ቢሉት፣ ተገኘ ተነሥቶ እጅ ነሣና «እኔ መጥቼ ቀርቻለሁ፣ መሪጌታ። ከእንግዲህ የወረታ ሰው ነኝ» አለ። ተጋቡ። ልጅ እስካሁን አልሰጣቸውም እንጂ ትዳራቸው የሚያስቀና ነበር።

እማሆይ ደብረወርቅ ብዙ ዓመት ታመው አረፉ። የአርባቸው ተዝካር ከወጣ በኋላ ምኞት ባሏን ስታየው ሌላ ሰው ሆነባት። ማታ ማታ ወደ መገንጠያው ይወርዳል፤ የቆሙትን ከባድ መኪኖች በዓይኑ ይለካል፤ ሞተር ሲነሣ ጆሮውን ያቀናል። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣

«እንሂድ ወይ?» አላት።

ወዴት ብላ አልጠየቀችውም። «የማስተምረውን አገር ማየት እፈልጋለሁ» አለችው። ከደስታዋ ይልቅ የማየት ጉጉቷ ይበልጥ ነበር።

ሚስቱን ወደ አሜሪካ የሚያስገባው የትዳር ማመልከቻ በኢንተርኔት የሚገባ ነበርና፣ በወረታ ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሲጠፋ ባሕር ዳር ድረስ እየሄዱ ጀመሩት። ወራት አለፉ፤ ዓመትም ዞረ። ምኞት የሚጠየቁት ሁሉ ስለ ትዳራቸው መስሏት ነበር። የሠርግ ፎቶ ሰበሰበች፤ መልስ አጠናች። ነገሩ የሚከብደው በሌላ በኩል መሆኑን የሰማችው ከሰውመሆን ነው። ሰውመሆን የተገኘ የሱዳን መጠለያ ጓደኛ፣ አሁንም እዚያው ብርዳም ከተማ የሚኖር፣ ዋስ እሆናለሁ ብሎ የፈረመላቸው ሰው ነው። አንድ ከሰዓት ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ሲያወሩ፣

«ጣጣው እሷ አይደለችም፣ አንተ ነህ» አለ ሰውመሆን። «ሚስትህን ለማምጣት መጀመሪያ አንተ ራስህ አሜሪካ የምትኖር ሰው መሆን አለብህ። ወይም ተመልሰህ እንደምትኖር ማሳየት።»

ምኞት ሳቀች። «እንዴ! ዜጋ አይደለም ወይ?»

«ዜግነት አንድ ነገር ነው፣ እታለም፤ መኖሪያ ሌላ ነው። ስንት ዓመቱ ነው እዚያ ከተቀመጠ? ተገኘ፣ ስማኝ፣ እዚህ በስምህ የቀረ ምን አለ? የማያቋርጥ ነገር፣ ኪራይ፣ ምናምን?»

ተገኘ ወደ ወፍጮው ተመለከተ።

«ዕቃ ቤቷ አለች» አለ ቀስ ብሎ።

«የቷ? ያች የቆለፍካት ክፍል? እስካሁን አልለቀቅሃትም?» ሰውመሆን ከት ብሎ ሳቀ። «በል ጥሩ ነው፣ እሷ ትረዳናለች!»

ስልኩ ሲዘጋ ምኞት ወደ ባሏ ዞረች።

«የምን ዕቃ ቤት ነው?»

«ሰው ዕቃውን ቆልፎ የሚያስቀምጥበት የኪራይ ክፍል ነው። ኪራዩ ከባንክ በራሱ እየተቆረጠ ነው፤ እኔም ረስቸው ነበር።»

«አልረሳኸውም። ፊትህ ይናገራል። ውስጡ ምን አለ?»

«እንጃ። አልጋ አለ። ካፖርት። አካፋ…»

«የምን አካፋ?»

«የበረዶ።»

ምኞት ቁና ሩዝ የምትለቅምበትን ሰፌድ መሬት አኖረችው። «ወረታ መጥቶ ለቀረ ሰው፣ የበረዶ አካፋ ምን ያደርግለታል?»

ተገኘ «አላውቅም» ብሎ ወጣ።

ምኞት መጀመሪያ የተሰማት ቁጣ አልነበረም፤ ማወቅ መፈለግ ነበር። ቁጣው ኋላ ነው የመጣው። አባቷ ፊት ቆሞ መጥቼ ቀርቻለሁ ሲል ቁልፉ በኪሱ ነበር ማለት ነው። ሌላ ሴት ትኖረው ይሆን ብላም አሰበች፤ እሱን ግን ወዲያው ከልቧ አወጣችው፤ ተገኘ እንዲያ ያለ ሰው አይደለም። ታዲያ ምንድን ነው? ባጃጅ ይዛ አባቷ ዘንድ ሄደች። መሪጌታ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ሁሉን ነገረቻቸው።

«ለምን እንደሆነ ጠየቅሽው?» አሉ።

«ጠየቅሁት፣ አባባ።»

«ምን አለ?»

«አላውቅም አለ።»

«እንግዲያ እውነቱን ነግሮሻል። ሐሰተኛ ቢሆን ምክንያት አያጣም ነበር።»

«ለእርስዎ እኮ ቀርቻለሁ ብሎ ነበር!»

«ቀርቷል እኮ። እናቱን በእጁ አልቀበረም?» አሉና ወደ መቋሚያቸው ተደገፉ። «ያላወቀውን እስኪያውቀው ጊዜ ስጭው። አንችም እስኪነግርሽ አትሞችም።»

ምኞት አልሞተችም፤ ግን እንቅልፏ ቀለለ።

የቃለ መጠይቁ ቀጠሮ ሲደርስ መንገዱ አስተማማኝ አልነበረምና ከባሕር ዳር በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄዱ። ኤምባሲ ውስጥ ምኞት ወረፋ ይዛ ስትጠብቅ በዙሪያዋ ያሉትን ሁሉ ታያለች፤ አንዷ ፎቶ አልበሟን እንደ ሕፃን ታቅፋለች፤ አንዱ መልሱን በከንፈሩ ይለማመዳል። ተራዋ ሲደርስ ከመስታወቱ ወዲያ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት፣ ከጎኗም አስተርጓሚ ነበሩ። ስለ ትዳራቸው የጠየቀቻት ጥቂት ነው። የት ተዋወቃችሁ፣ እናቱ መቼ አረፉ፣ እሱ እዚህ ምን ይሠራል። ከዚያ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገችና፣

«ባልሽ የሚኖረው የት ነው?» አለች።

ሰውመሆን በስልክ ስንቴ አስጠንቷት ነበር። ምኞት ግን ጥያቄ ሲቀርብላት እንደተጠየቀው መመለስ ነው ያደገችበት።

«አሁን የሚኖረው ወረታ ነው፣ ከእኔ ጋር» አለች። «እዚያ ደግሞ ያልዘጋው ቤት አለ። ተመልሰን እንሥራ ብሏል። እኔ ራሴ ልጠይቅዎት የምፈልገው ይህንኑ ነበር፤ ሰው ሁለት ቦታ መኖር ይችላል ወይ?»

አስተርጓሚው ትንሽ ፈገግ ብሎ ተረጎመው። ሴቲቱም ፈገግ አለች።

«ሰው ይችል ይሆናል» አለች። «ለቪዛው ግን አንዱ መታወቅ አለበት።»

ተጨማሪ ማስረጃ እንዲያቀርቡ ተነገራት። ባልየው ቀድሞ ሄዶ ቤትና ሥራ ቢይዝ ነገሩ ይቀላል።

ከደጅ ሲጠብቃት የነበረው ተገኘ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«አሜሪካ ብትይ ምን ነበረበት?»

«የጠየቀችኝ የምትኖርበትን ነዋ! የምትኖረው ከእኔ ጋር አይደለም ወይ?»

ተገኘ ራሱን እያወዛወዘ እጇን ያዘ።

ተገኘ የሄደው ክረምቱ ሲገባ ነው። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ውኃ ሆነ፤ ሰዉ ከቤቱ ወደ ማሳው በታንኳ ይሻገር ጀመር። ወፍጮውን ይርዳው የሚባል የድሮ ሠራተኛቸው ያዘ። ምኞት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ብቻዋን ስትሆን ባሏ እየደወለ ይነግራታል፤ ሥራ አገኘሁ፣ ቤት ተከራየሁ፣ መንጃ ፈቃዴ ታደሰ። ስለ ዕቃ ቤቷ ግን እሷም አትጠይቅ፣ እሱም አያነሣ።

አንድ ቀን ሆቴል ገብታ ኢንተርኔት እንዳገኘች በቪዲዮ ደወለላት። ከኋላው ረጅም ኮሪደርና ብርቱካናማ የብረት በሮች ይታያሉ።

«መጥቻለሁ» አለ። «ብቻዬን ልከፍታት አልፈለግሁም።»

በሩ እየጮኸ ወደ ላይ ተጠቀለለ። ምኞት ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ያ ሁሉ ስትጠረጥረው የኖረችው ነገር ይኸው ነው፤ በጎኑ የቆመ አልጋ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ካፖርት፣ አካፋው፣ አንድ ካርቶን ጓንት።

«ይኸው ነው?» አለች። «ለዚህ ነው?»

«ይኸው ነው።» ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ፈልጎ ተንገዳገደ፤ ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደገፈ። «ምኞት፣ ያኔ ስመጣ ሰው ሁሉ ጠፍተህ ተገኘህ ይለኝ ነበር። እናቴም፣ ነፍሷን ይማር፣ ጠፍተህብኝ ትለኝ ነበር። እኔ እኮ ጠፍቼ አላውቅም። እዚህ ነበርኩ። በረዶ ስጠርግ፣ መኪና ስነዳ፣ እዚህ አልጋ ላይ ስተኛ ነበርኩ። ይህን ብጥለው ያ ሁሉ ዕድሜ ያልኖርኩት ሊሆንብኝ ነው ብዬ ይሆናል።»

ምኞት ያን ያህል ዓመት ስለ በረዶውና ስለ መንገዱ ስትጠይቀው ስለ እሱ አለመጠየቋ ገረማት።

«ያ ከካርቶኑ ሥር ያለው ምንድን ነው?» አለችው ኋላ።

ጎትቶ አወጣው። የመንገድ አትላስ ነበር፤ ጠርዙ የተበላ፣ ትልቅ። የነዳባቸውን መንገዶች ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አቅልሟቸዋል።

«ገልጠው!» አለች፣ ከወንበሯ ብድግ ብላ። የሆቴሉ አስተናጋጅ ዞሮ አያት። «በቀስታ ገልጠው። ይህ ተራራ ነው? ይህን ስታልፍ ክረምት ነበር ወይስ በጋ? ማን ነበር አብሮህ?»

ኔትወርኩ እስኪቋረጥ ድረስ ገጽ በገጽ ሲነግራት ዋለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ቁልፉ ቂም አልያዘችም።

ማስረጃው ተላከ፤ ቪዛውም ተሰጣት። ወዲያው ግን አልሄደችም። ተማሪዎቿን መንፈቀ ዓመት አስፈትና ውጤታቸውን አስረክባ፣ ሩዙ ታጭዶ ወፍጮው ሥራ በበዛበት ወራት ነው የተነሣችው። ለስንብት አባቷ ዘንድ አደረች። ጠዋት መሪጌታ ከኪዳን ተመልሰው፣

«አንች የምድር ነገር አዋቂ ነሽ» አሏት። «ከዚያ ቤታችሁ ምሥራቁ በየት በኩል ነው?»

አላወቀችውም። ለተገኘ ደወለች። እሱም ስልኩን ይዞ ከክፍል ክፍል ሲዞር ቆየና «በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ነው፣ መሪጌታ» አለ።

«ደግ» አሉ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «እንግዲያስ እዚያ ላይ መጋረጃ አትስቀሉ።»