አልነሳም ያለው መኪና

ባለፈው ሰሞን ባትሪ የሚሞላበት ሱቅ ደጃፍ ሳልፍ የአሲዱ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሌላው ሰው ሽቶ ሲሸተው የጥንት ፍቅሩን ያስታውሳል፤ እኔን የባትሪ አሲድ ይበቃኛል። ጋሽ አያሌው መጡብኝ።

ጋሽ አያሌው ጋሸና ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ጎረቤታችን ነበሩ። ቀጭን ናቸው፣ ካፖርታቸው በአሲድ የተበሳሳ። ሁለት ሽቦ የታሰረባት ትንሽ አምፖል ከኪሳቸው አትለይም፤ ስሟን «ምስክሬ» ብለዋታል። «ሰው ይዋሻል፣ መኪናም ይዋሻል፤ ምስክሬ ግን ያየችውን ነው የምትናገር» ይሉ ነበር። እወዳቸው ነበር፤ በቃ፣ እወዳቸው ነበር።

ነገሩ የሆነው በሰፈራው ጊዜ ነው። አባቴ የመንግሥት ጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ያን ቀን ጠዋት መኪናው ከቤታችን ፊት ለፊት ቆሟል፤ ከላስታ ገጠር የተለቀሙ ሰዎች ወደማያውቁት አገር ሊወሰዱ ተጭነውበታል። ጉሙ ከመክበዱ የተነሳ ፊታቸው አይታይም። ያ ሁሉ ሰው ተጭኖ ሳል እንኳ አይሰማም። አባቴ ቁልፉን ሲያዞር መብራቱ ድርግም ይላል፤ ሲለቀው ተመልሶ ይበራል። የፊቱን መብራት ሲያበራ ደግሞ፣ ወይ ጉድ! ማንም ሳይነካው ክላክሱ እንደ ታመመ ሰው ማቃሰት ጀመረ። ከላይ አንዲት ሴት «እግዚኦ» አለች። ሌሎቹም በሹክሹክታ ተቀበሏት።

ሰዎቹን የሚያስጭነው ካድሬ አባቴን ከመቀመጫው ጎትቶ አወረደው። «ይሄ አሻጥር ነው! ጉሙ ሳይገለጥ ካልተነሳ አንተ ከኔ ጋር ነው የምትሄደው» አለው። ከሱ ጋር የሄደ እንደማይመለስ ያን ጊዜ ልጅም ያውቃል። እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ቀረች።

ጋሽ አያሌው ተጠርተው መጡ። ምስክራቸውን በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ አሳረፏት፤ ቦግ አለች። «ባትሪው ደህና ነው» አሉ። አንዱን ሽቦ ከባትሪው ሳያነሱ በሌላው የመኪናውን ብረት ነኩ፤ ጭል ጭል ብላ ጠፋች። ባትሪውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘውን ጥቁር ሽቦ በጣታቸው ተከትለው ከሥር ገቡና ብሎኑን ፈቱ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ በሽቦውና በብረቱ መሃል በአቡጀዲ የተቋጠረች ነገር ገብታለች፤ ኤሌክትሪኩን የዘጋችው እሷ ናት።

የእናቴን ፊት ሳይ ገባኝ። ካድሬው የማርያምን ሥዕል ከመኪናው መስታወት ላይ ከቀደደው ወዲህ፣ ባሌ ያለ ጠባቂ አይነዳም ብላ፣ ከላሊበላ ያመጣችውን እምነት፣ ያን የተባረከ የቤተ ክርስቲያን አመድ፣ ፈታሽ የማይደርስበት ቦታ ደብቃዋለች። መፍቻ አያያዙን ከአባቴ አይታ ኖሯል። ባሏን አስጠብቃለሁ ብላ ልታስበላው!

«ምን አገኘህ፣ አንተ ሽማግሌ?» አለ ካድሬው ጎንበስ ብሎ።

ጋሽ አያሌው ቋጠሮዋን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። «አሲድ ነው ጓድ፤ በምላሴ ነው የምለየው» አሉ ጉንጫቸው አብጦ። ካድሬው ተጸየፈና ዞር አለ። ብረቱን በቢላ ፋቁ፣ ሽቦውን አጥብቀው አሰሩ። አባቴ ቁልፉን ሲያዞር መኪናው ተንቀጥቅጦ ተነሳ።

እፎይ ያለ ግን የለም። ከላይ አንድ አዛውንት፣ ፊታቸው በጉሙ እንደተሸፈነ፣ «እንግዲህ ላሊበላም ለቀቀን» አሉ። ለካ እነሱ እስከዚያ ድረስ መኪናውን የያዘላቸው ቅዱሱ መስሏቸው ነበር። ጋሽ አያሌው ሰሟቸው። ካድሬው ሲርቅ ቋጠሮዋን ከአፋቸው አውጥተው ለእናቴ አስጨበጧት። «እህቴ፣ ሌላ ጊዜ ከባልሽ አንገት እሰሪለት» አሏት። ቀልድ ይመስላል፤ ፊታቸውን ግን ወደ ተጫኑት ሰዎች አዞሩ።

አባቴ ሰዎቹን አድርሶ ባዶውን መኪና ይዞ ተመለሰ። ጋሽ አያሌው ከዚያ ወዲያ ሬዲዮ እንጂ መኪና አልነኩም። ሰው የጫነ መኪና ሲያልፍ ግን ደጃፋቸው ላይ ወጥተው የተሳፈሩትን አንድ በአንድ ያያሉ። እንዲሁ እያዩ አረፉ።

አባቴ አርጅቶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ እጁን እንደያዝኩት አልጋው ላይ ሞተ። ይህን ያቆዩልኝ ጋሽ አያሌው ናቸው። በዚያ መኪና ላይ ግን የእኔ እኩያ ልጆች ነበሩ፤ የነሱን አባት ማን እንደቀበረው አላውቅም።